ጦስኝን በድንጋይ መካከል ማንጠፍ፦ ለጎንደር ግቢ የሚሆን አሠራር

ጦስኝን ገበያ ላይ ደርቆ ሲሸጥ ብቻ ለሚያውቀው ሰው የሻይና የበርበሬ ቅመም ነው። በስሜን ተራሮች በእግሩ የተጓዘ ሰው ግን ሌላ መልኩን አይቷል። ከ3,000 ሜትር በላይ፣ አፈሩ ስስ በሆነበትና ድንጋይ በበዛበት ተዳፋት ላይ፣ መሬቱን ይዞ ለጥ ብሎ የተነጠፈ፣ ሲረግጡት የሚያውድ ምንጣፍ ነው። ይህን መልኩን ከተማ ውስጥ፣ በግቢ ድንጋዮች መካከል ማምጣት ይቻላል። የሚያስቸግረው የጎንደር ክረምትና የጎንደር ጥቁር አፈር አንድ ላይ ሲገጥሙ ነው። ስለዚህ ከታች ካለው ሥራ ግማሹ የሚያልቀው ገና ችግኙ ሳይነካ፣ ውሃው በየት በኩል እንደሚወጣ በመወሰን ነው።

ከፍታውንም አስቀድሞ ማሰብ ይጠቅማል። የዱሩ ጦስኝ በአብዛኛው ከ2,200 እስከ 4,000 ሜትር ባለው ከፍታ ይገኛል። ጎንደር ከተማ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ተክሉ ከሚወደው ቦታ የታችኛው ጠርዝ ላይ ነች ማለት ነው። አዘዞ ዝቅ ስለሚል ሙቀቱ ይበረታል፤ ወደ ወገራና ደባርቅ ሲወጡ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይቀላል። ደባርቅ ያለ ሰው ከዚህ ጽሑፍ ግማሹን ዘልሎ ቢያነብ አይከፋኝም።

የትኛውን ጦስኝ ልትከል?

በአገራችን በዱር የሚበቅሉት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ በሳይንሳዊ ስማቸው ቲመስ ሺምፐሪ እና ቲመስ ሰሩላተስ ይባላሉ። የመጀመሪያው ስሙን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ለብዙ ዓመታት ኖሮ ዕፅዋት ከሰበሰበው ጀርመናዊ፣ ከጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር ነው። ለእኛ ሥራ የሚመረጠውም ይኸው ነው፤ ቅርንጫፎቹ መሬት ለመሬት ይሄዳሉ፣ አፈር በነኩበት ቦታም ሥር ያወጣሉ። ሁለተኛው የቅጠሉ ጠርዝ ጥርስ ጥርስ ያለው ሲሆን ቀና ብሎ የማደግ ጠባይ አለው።

ከውጭ የሚመጣ ዘር ካገኙ ቲመስ ሰርፒለም የሚለውን ይፈልጉ። ከፍታው ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ታይም እየተባለ ለምግብ ቤት ማጣፈጫ የሚሸጠው ቲመስ ቩልጋሪስ ግን ሌላ ነገር ነው። እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቀጥ ብሎ ይቆማል እንጂ አይነጠፍም። ችግኝ ሲገዙ ስሙን ከመጠየቅ ይልቅ ቅርንጫፉን ይመልከቱ፦ ከከረጢቱ ጠርዝ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ የሚወርድ ከሆነ ይነጠፋል፣ እንደ ትንሽ ዛፍ ከቆመ አይሆንም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ላስጠንቅቅ። ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነቅሎ ማምጣት ክልክል ነው፤ ባይከለከል እንኳ የዱሩ ጦስኝ ለገበያ ከነሥሩ እየተነቀለ የሚጎዳ ተክል ነው። ግቢው ውስጥ የተከለ ዘመድ ወይም ጎረቤት ከተገኘ ጥቂት ቅርንጫፍ ይበቃል። ያ ከሌለ ከአርሶ አደር ማሳ ዳር አስፈቅዶ፣ ሥሩን ሳይነኩ ጫፍ ጫፉን መቁረጥ ነው።

ቦታ መምረጥ

ቢያንስ በቀን ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ያስፈልጋል። ጥላ ውስጥ የተተከለ ጦስኝ ይረዝማል፣ ይሳሳል፣ መሬቱን አይሸፍንም። ምርጫ ካለዎት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ቦታ ይምረጡ። በመጋቢትና በሚያዝያ የከሰዓት ፀሐይ ጥቁሩን ድንጋይ ስለሚያግለው፣ ወደ ምዕራብ የዞረ ቦታ ገና ሥር ያልሰደደ ችግኝ ያቃጥላል።

ከባሕር ዛፍ ራቅ ይበሉ። ከቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዝ ደግሞ ይበልጥ ይራቁ፤ በሐምሌ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ የትኛውንም መደብ ይቦረቡራል። ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ የአበባ መደብ የሚያበጁት ልክ እዚያው፣ በግድግዳው ሥር ነው። አሸንዳ ከሌለ ቢያንስ አንድ ሜትር ወደ ግቢው መሐል ይግቡ።

ንብንም አይርሱ። ጦስኝ ሲያብብ ንብ ይከበዋል። ቀፎ ላለው ሰው ይህ በረከት ነው፤ ሕፃናት በባዶ እግራቸው በሚሮጡበት ወይም ሰው ቡና ተሰብስቦ በሚጠጣበት ቦታ አጠገብ ግን ባይሆን ይመረጣል።

አፈሩን መፈተሽ

ቦታው ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ያለው ጉድጓድ ይቆፍሩ። በውሃ ይሙሉት፣ ሰርጎ ሲያልቅ እንደገና ይሙሉት። ሁለተኛው ውሃ በሁለትና ሦስት ሰዓት ውስጥ ከሰረገ አፈሩ ጥሩ ነው። እስከ ማግስቱ ተቋጥሮ ካደረ መሬቱ ዋልካ ነው፤ ጦስኝ በቀጥታ አይተከልበትም።

ዋልካ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። በክረምት ውሃ ይዞ ሥሩን አየር ይነሣዋል፤ ሥሩም ይበሰብሳል። በበጋ ደግሞ ይሰነጠቅና የተረፈውን ሥር ይበጥሰዋል። ብዙዎች መፍትሔ ብለው ጥቂት አሸዋ ይቀላቅሉበታል፤ ይህ ግን አፈሩን ሲደርቅ እንደ ጡብ ከማጠንከር በስተቀር የሚያመጣው ለውጥ የለም። ዋልካውን ለማሻሻል ከመታገል ከላዩ ከፍ ያለ መደብ መሥራት ይቀላል፤ ወጪውም ያንሳል። ቀይ አፈር ያለው ሰው መደቡን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል፤ ተዳፋቱን ግን አይተወው።

መደቡን መሥራት

ይህን ሥራ ከሚያዝያ እስከ ግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጀምር ይጨርሱ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መደቡ አንድ ክረምት ባዶውን ካሳለፈ አፈሩ ይረጋል፣ ውሃው የሚሄድበትና የሚቆምበት ቦታም በዓይን ይታያል። ሐምሌ ውስጥ ዶፍ ሲያባራ ወጥተው ይመልከቱ። ኩሬ የሠራ ቦታ ካለ የሚስተካከለው ያኔ ነው።

በመጀመሪያ ሰርዶውን ያውጡ። ይህን እርምጃ በችኮላ ያለፈ ሰው ሲቸገር ይኖራል፤ ሰርዶ ከተነጠፈ ጦስኝ መካከል ከገባ በኋላ ሁለቱን መለየት አይቻልም። በዶማ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍረው ነጩን ሥር አንድ በአንድ ይልቀሙ፤ ሁለት ሳምንት ጠብቀው የበቀለውን እንደገና ያውጡ። እንግጫም ከሥሩ ላይ ያለችው ትንሿ ፍሬ ካልወጣች ተመልሶ ይበቅላል። የለቀሙትን ሰርዶ ኮምፖስት ውስጥ አይጨምሩት፤ ፀሐይ ላይ አድርቀው ያቃጥሉት።

ቀጥሎ ከታች ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ስብርባሪ ድንጋይ ያነጥፉ። ከመሠረት ቁፋሮ የወጣ፣ የተሰበረ ብሎኬት፣ ያገኙት ሁሉ ይሆናል። ከላዩ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር አፈር ይሙሉ። ድብልቁ አንድ እጅ ቀይ ወይም ተራ የአትክልት አፈር፣ አንድ እጅ ሻካራ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ ደግሞ ደቃቅ ጠጠር ነው፤ የግንባታ ዕቃ ሻጮች ዜሮ አንድ የሚሉት መጠን ይስማማዋል። ከፍግ ወይም ከኮምፖስት በካሬ ሜትር አንድ ጣሳ በቂ ነው፤ እሱም በደንብ የበሰለ ይሁን። ማዳበሪያ አያስፈልግም። ምግብ የበዛለት ጦስኝ ለስላሳና ረጅም ሆኖ ያድግና በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ተኝቶ ይበሰብሳል፤ ሽታውም ይቀንሳል። ዳቦና እንጀራ የሚጋገርበት ቤት አመድ አይጠፋምና አንድ ሁለት እፍኝ ቢበተን አይጎዳም፤ ተክሉ ከኮምጣጣ አፈር ይልቅ መካከለኛውን ወይም ወደ ኖራማነት ያደላውን ይወዳል።

መደቡ ጠፍጣፋ አይሁን። በአንድ ሜትር ርዝመት ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ 10 ቢሆን ይሻላል። በታችኛው ጫፍ ውሃው ወደ ቦይ ወይም ወደ ሌላ ተክል የሚሄድበት መውጫ ይተዉ፤ ወደ ጎረቤት አጥር መልቀቅ ጠብ ያመጣል።

ድንጋዮቹን ማስቀመጥ

ጎንደር ድንጋይ አያጣም። የፋሲል ግቢም የተሠራው ከዚሁ ከአካባቢው ጥቁር ድንጋይ በኖራ ተያይዞ ነው። ያም ሆኖ በቁስቋምም ሆነ በከተማው ውስጥ ካሉት አሮጌ ቅጥሮች የወደቀ ድንጋይ ማንሣት የሚያስጠይቅ ነው፤ አንድ ቀን ለጥገና የሚፈለገው ያ ድንጋይ ነውና። ከግንባታ ቦታ የተረፈ ድንጋይ በርካሽ ይገኛል፣ አንዳንዴም እንኳን ወሰዱልን ይባላል።

አንድ ዓይነት ድንጋይ ይምረጡ፤ ቀለሙ ከተደበላለቀ የፈረሰ ቤት ይመስላል። መጠኑ ግን ይለያይ፤ ሁለት ሰው የሚያነሣው ሁለት ሦስት፣ አንድ ሰው የሚያነሣው በርከት ያለ፣ በእጅ የሚያዝ ደግሞ ብዙ። ትልልቆቹን አስቀድመው ያስቀምጡ። እያንዳንዱ ድንጋይ ሲሶው አፈር ውስጥ ይቀበር፤ ከላይ ተቀምጦ ብቻ የሚቀር ድንጋይ በክረምት ይንሸራተታል፣ ለዓይንም አያምርም። ፊቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ተዳፋቱ ጥቂት ይደገፍ። በሁለት ድንጋይ መካከል የሁለት ሦስት ጣት ክፍተት ይተዉና አፈር ሳይሆን ጠጠር ይሙሉበት፤ ውሃው የሚያመልጠው በዚያ ነው። ድንጋዩን ረግጠው ይሞክሩት። ከተወዛወዘ እንደገና አውጥተው ያስቀምጡት፤ ጦስኙ ከሸፈነው በኋላ ማንም አያስተካክለውም።

ችግኝ ማዘጋጀት

ቀላሉ መንገድ ከቅርንጫፍ ማባዛት ነው። በሰኔ መጀመሪያ አበባ ያልያዘ፣ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጫፍ በንጹሕ መቀስ ይቁረጡ። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል ያራግፉ። ግማሹ የተቆረጠና ታቹ የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ እኩል አሸዋና አፈር ሞልተው፣ በአንድ ጠርሙስ ሦስት አራት ቁራጭ ይትከሉ። በረንዳ ላይ፣ ብርሃን በሚያገኝና ዝናብ በማይመታው ቦታ ያቆዩት። ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ባለው ጊዜ ቀስ ብለው ሲጎትቱት እንቢ ካለ ሥር ይዟል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚያጠፋው ነገር በየቀኑ ውሃ ማጠጣት ነው።

ነባር ተክል ያለው ሰው ይህንም አይፈልግም። የተጋደመውን ቅርንጫፍ መሐሉ ላይ አፈር ነካ አድርጎ ትንሽ ድንጋይ መጫን ብቻ ነው፤ ሥር ሲያወጣ ከእናቱ ይቆረጣል።

ከዘር ማብቀል ይዘገያል። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለው ላዩ ላይ ይበትኑት፤ ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አያልብሱት። በመርጫ እያረጠቡ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይጠብቁ። ለመስከረም እንዲደርስ መዝራት ያለብዎት በሚያዝያ ነው። ገበያ የሚሸጠው ደረቅ ጦስኝ አብቦ ካለፈ በኋላ የተሰበሰበ ከሆነ በደረቀው አበባ ውስጥ ዘር አይጠፋም፤ በመዳፍ አሽቶ ነጭ ወረቀት ላይ ማራገፍ ነው። ሙከራው ወጪ የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ይሞክሩት፣ ግን እሱን ብቻ ተስፋ አያድርጉ።

መትከል

ብዙ ሰው ማንኛውንም ችግኝ በሰኔና በሐምሌ ይተክላል። ለዛፍ ልክ ነው፤ ለጦስኝ ግን መስከረምን እመርጣለሁ። ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ባለው ጊዜ አፈሩ ገና እርጥብ ነው፣ ከባዱ ዝናብ አልፏል፣ ፀሐይ ተመልሳለች። ተክሉ ስምንት ወር ያህል ሥር ሲሰድ ቆይቶ ቀጣዩን ክረምት ይቀበላል። ጉዳቱ የመጀመሪያውን በጋ ውሃ ማጠጣት ማስፈለጉ ነው።

ችግኞቹን በ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት ከተከሉ ለአንድ ካሬ ሜትር 16 ይበቃል፤ በ20 ከሆነ 25 ያስፈልጋል። ቶሎ እንዲሸፍን የሚቸኩል ያጠጋጋል፤ ችግኝ ያነሰው ያራርቃል፣ አንድ ዓመት ተኩል ይታገሣል። ችግኙ በከረጢቱ ከነበረው ጥልቀት በላይ አይቀበር፤ እንዲያውም አንገቱ ከአፈሩ ጥቂት ከፍ ይበል። ከድንጋዩ በስተ ምሥራቅ በኩል፣ ሥሩ ከድንጋዩ በታች ወዳለው ቀዝቃዛ አፈር እንዲሄድ አስጠግተው ይትከሉት።

ከዚያ መደቡን በሙሉ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ያልብሱት፤ በተለይ በእያንዳንዱ ችግኝ አንገት ዙሪያ ቅጠሉን ቀና አድርገው ከሥሩ ይበትኑ። የድንጋይ ጠራቢዎች ሲጠርቡ የሚረግፈው ስብርባሪ ለዚህ ከሚሸጠው ጠጠር ይበልጣል፤ ሹልና ሻካራ ስለሆነ በዝናብ አይንከባለልም። የጠጠሩ ሥራ ብዙ ነው፦ ጭቃ ቅጠሉ ላይ እንዳይረጭ ያደርጋል፣ አረም ይቀንሳል፣ በበጋ እርጥበት ይይዛል፣ አንገቱን ያደርቃል። ሣር ወይም ገለባ አይጠቀሙ፤ እሱ እርጥበቱን አንገቱ ላይ ያቆያል። ዶሮ ካለ ለጥቂት ወራት ሽቦ ወይም እሾህ ይከልሉበት፤ አዲስ የተነካ ጠጠር ዶሮ አይቶ አያልፍም።

ውሃ

በከተማው የቧንቧ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ደግነቱ ጦስኝ ብዙ አይጠይቅም። ከተተከለ በኋላ ለሁለት ሳምንት ዝናብ ከሌለ በየሦስት ቀኑ ያጠጡ። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ጠዋት፣ ጠለቅ አድርገው። ጣትዎን ጠጠሩን ገለጥ አድርገው ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ያስገቡ፤ እርጥብ ከሆነ ጀሪካኑን ይመልሱት። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በበጋ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ ይበቃዋል። ጎመንና ምስር የታጠበበት ውሃ ይሆናል። ሳሙና ያለበትን፣ ይልቁንም በረኪና የገባበትን ውሃ ግን አያፍስሱበት።

አጠገቡ የሚተከለውም ውሃ የማይወድ ይሁን። እሬት፣ ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ይስማሙታል። ናናን አጠገቡ ያደረገ ሰው ወይ ናናውን ያደርቃል ወይ ጦስኙን ያበሰብሳል።

በክረምትና ከዚያ በኋላ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚሠራው ጥቂት ነው፦ ከላዩ የወደቀ ቅጠል ማንሣት፣ መውጫው እንዳይደፈን ማየት፣ አረም በእጅ መንቀል። አንድ ቁራጭ ጠቁሮ ሲለሰልስ ካዩ እስከ ጤናማው ድረስ ቆርጠው ያውጡና ቦታውን በጠጠር ይሙሉ። በአንድ በኩል ብቻ የሚጠቁር ከሆነ መመልከት ያለብዎት ተክሉን ሳይሆን ከበታቹ ያለውን የውሃ መንገድ ነው።

አበባው ሲረግፍ ከላዩ ሲሶውን በመቀስ ይከርክሙ። እንጨት ወደሆነው፣ ቅጠል ወደሌለው ክፍል አይግቡ፤ ከዚያ መልሶ አያቆጠቁጥም። ለሻይና ለቅመም የሚፈልጉትንም በዚሁ መጠን፣ ሊያብብ ሲል ይቁረጡ፤ በጥላ ያድርቁት። ሰው ወይም ውሻ ከሚረግጠው በኩል ባይሆን ደግ ነው።

በኮብልስቶን ወይም በጠፍጣፋ ድንጋይ መረማመጃ ክፍተት ውስጥም ይተከላል፤ አልፎ አልፎ የሚረግጠውን እግር ይችላል። ባጃጅ የሚገባበትና ቀኑን ሙሉ ሰው የሚመላለስበት በር ላይ ግን አይቆይም።

ከሦስት አራት ዓመት በኋላ የአሮጌው ተክል መሐሉ ይራቆታል። ይህ እርጅና ነው፤ ማዳበሪያ አያድነውም። በመስከረም ዳር ዳሩ ላይ ሥር ያወጡትን ቅርንጫፎች ከነአፈራቸው በአካፋ ጫፍ ቆርጠው ያንሡ፣ የደረቀውን መሐል ነቅለው ይጣሉ፣ ጉድጓዱን በዚያው በአፈር፣ በአሸዋና በጠጠር ድብልቅ ሞልተው ያነሧቸውን መልሰው ይትከሉበት። ሙሉ መደቡን በአንድ ዓመት አይንቀሉ፤ ሲሶ ሲሶውን ካደሱት መሬቱ ባዶ ሆኖ የሚከርምበት ጊዜ አይኖርም።